ስለ ቀይዋ ፊያት፣ ስለ ጣሪያዋና ስለ ጋሽ ሰቦቃ ጃንጥላ

ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ የሺዋስ
የቀይ አፈር የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዝናቡ እንዲቆም፣ ይህ ካልተቻለም ጣሪያ እንድንገጥም እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ከራስዎ በላይ ላለው የቢሮዎ ቆርቆሮ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለቆርቆሮው። ባለፈው ማክሰኞ ያ ሁሉ በረዶ ሲወርድ በመስኮትዎ በኩል አይቼዎት ነበር። ሻይዎን ይዘው ተቀምጠዋል፣ አንዲት ጠብታ እንኳ አልነካችዎትም፤ እኔም ከአጥሩ ውጪ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ እርስዎ ደረቅ በመሆንዎ ከልቤ ተደስቻለሁ።

ስሜ ሐጀራ ይባላል። ከጣቢያዎ ወረድ ብሎ ባለው ጋራዥ የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። ከስቱኮ ሠራተኛው ከሀይረዲንና ከሜካኒኩ ከያደታ ጋር ሆነን በየእሑዱ አሮጌ የስፖርት መኪና እናድሳለን። ቤተሰቦቻችን ይህን ነገር በሽታ ይሉታል፤ እኛም ተከራክረን አናውቅም። ዛሬ የምጽፍልዎ ግንቦት 12 ቀን ለምርመራ ብለን ራሳችን ነድተን አምጥተናት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢዎ ሜዳ ላይ ስለቆመችው ቀይ ፊያት ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ ሆኖ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ በ1961 ዓ.ም. የተሠራች መኪና ናት።

ባለቤቷ የያደታ አባት ጋሽ ሰቦቃ ናቸው። የፋብሪካ ሾፌር ሳሉ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ገዟት፤ ወይዘሮ ዳሲቱን ያገቡ ዕለትም ሙሽራቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ቢሾፍቱ ድረስ ነዷት። በኋላ ሞተሯ ነክሶ አልዞር ስላለ ቆመች፤ ኮዬ ፈጬ ገና ማሳ ሳለ ከጓሯቸው ገብታ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዶሮ ሲፈለፈልባት ኖረ። እኛ እሷን ለማስነሳት ሦስት ዓመት ፈጀብን። የጋሽ ሰቦቃ መንጃ ፈቃድ መስከረም ላይ ያበቃል፤ ዓይናቸው ስለደከመ እንደማይታደስላቸው ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ከዚያ በፊት ወይዘሮ ዳሲቱን አንድ ጊዜ ብቻ ቢሾፍቱ ወስደው መመለስ ይፈልጋሉ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው፤ ለእርስዎ ያለኝን ምስጋናም በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሻንሲ ቁጥሩ። ሀይረዲን በዚህ አካባቢ ከእሱ የተሻለ የስቱኮ ሠራተኛ የለም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ላሜራ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ያሳልፋል፣ የጎደጎደ ነገር ካገኘ ሳይደፍነው እንጀራ አይወርድለትም። በሞተሩና በሾፌሩ መካከል ያለውን ላሜራ እንዲሁ ዳስሶ፣ የተቀጠቀጠ የመሰለውን ሁሉ በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ አምስት ጊዜ ቀለም ቀባው። ተቆጣጣሪዎ ኮፈኗን ከፍተው ሻንሲ ቁጥሩን ሲፈልጉ ሲፈልጉ ቆይተው ዞረው ሲያዩን፣ ሀይረዲን ፊቱ አመድ መስሎ «ጠባሳ መስሎኝ ነው የደፈንኩት» አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን በደንብ ሰምቼው አላውቅም።

ቁጥር እያጠፋ የሚሸጥ ሌባ መኖሩን አውቃለሁ፤ በዚህ ረገድ መኪናዋን ባስያዘብን ጥርጣሬዎ አልቀልድም። ሆኖም የሰረቃትን መኪና አጥቦና ወልውሎ፣ ባለ ሊብሬውን ሽማግሌ ከጎኑ አስቀምጦ፣ እባካችሁ መርምሩልኝ ብሎ በገዛ እጁ የሚያስረክብ ሌባ ካጋጠመዎት ሌብነቱን ትቶ ከግቢዎ የሚወጣበትን መንገድ እንዲያሳየን ያገናኙን። ጋሽ ሰቦቃ ቁጥሩን ከሊብሬው ሳያዩ በቃላቸው ቢወጡትም ቁጥር ከብረት እንጂ ከአፍ አይወሰድም ተባሉ። በፊታችሁ በአሥር ደቂቃ ፍቀን እናውጣው ብንል፣ በቁጥጥር ሥር ያለ ንብረት ባለቤቱ አይነካውም ተባልን። እንግዲያው እናንተ ፋቁት ብንል፣ ለመፋቅ የተመደበ ባለሙያ የለም ተባልን። አንድ መኪና በሦስት መልስ እንዲህ ቀጥ ብላ ስትቆም አይቼ አላውቅምና ለጥበባችሁ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጣሪያው። በምርመራ ቅጹ ላይ «ጣሪያ በመቁረጥ ቅርጽ መለወጥ» ተብሎ ተጽፎብናል። እርግጥ ነው የለወጥነው ነገር አለ፤ የፊቱን ፍሬን ከቪትዝ አምጥተን ገጥመናል፣ ቀድሞ ያልነበረውን የደኅንነት ቀበቶም እኔው ነኝ ያሰርኩት። ይህንን ግን የጠየቀን የለም። የጋሽ ሰቦቃን የሠርግ ፎቶግራፍ አምጥተን፣ መኪናዋ ያኔም ጣሪያዋ ታጥፎ እንደነበር፣ የወይዘሮ ዳሲቱ ሻሽ በነፋስ እንደተነሳ ብናሳይ፣ ተቆጣጣሪዎ ፎቶው ላይ ያለችው መኪና ጥቁርና ነጭ ናት፣ ይቺ ግን ቀይ ናት ብለው መለሱልን።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰማዩን አይቼ ልመለስ።

ተመልሻለሁ። በቱሉ ዲምቱ በኩል ጠቁሯል፤ ስለዚህ እንደ ጀመርኩት ረጋ ብዬ ለመጻፍ አልችልም።

በዚህ በጣሪያ ጉዳይ የራሴንም ጥፋት ልናገር። ወደ እናንተ ከመምጣታችን በፊት ሸራውን ሰፍቼ መጨረስ ነበረብኝ። ሆን ብዬ አቆየሁት። ወንበሮቹን በቡናማ ቆዳ፣ በእጄ፣ ድርብ ስፌት አድርጌ አርባ አንድ ቀን ነው የሰፋኋቸው፤ ተቆጣጣሪዎቹ ጣሪያ ሳይጋርዳቸው እንዲያዩልኝ ፈለግሁ። ሀይረዲን በልስላሴው፣ እኔ በስፌቴ ልንታይ ስንል መኪናዋን አሳሰርናት። አንዳቸውም ወንበሩን ዞር ብለው አላዩትም፤ ያየው ዝናቡ ብቻ ነው። ይህ ይቆጨኛል፣ ቁጭ ስል ይቆጨኛል፣ ስነሳም ይቆጨኛል።

ጣሪያውን በአራት ቀን ሰፍቼ በትከሻዬ ተሸክሜ ወደ በርዎ መጣሁ። ጣሪያ መግጠም ቅርጽ መለወጥ ስለሆነ አይቻልም ተባልኩ። ጣሪያ ቆርጣችኋል ተብለን ተከሰን ጣሪያ ይዘን ስንመጣ ተመለስን። ሸራው አሁን ጋራዡ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ በሰላም ደርቆ።

ሦስተኛ፤ ስለ ኮፈኗ። ተቆጣጣሪዎ ቁጥሩን ሲፈልጉ ቀለሙን በቁልፋቸው ጫር ጫር አድርገው፣ መፋቅ እንደማይፈቀድላቸው ትዝ ሲላቸው ትተውት ሄዱ፤ ኮፈኗም እንደተከፈተች ቀረች። ይኸው ሠላሳ ስምንት ቀን አፏን ከፍታ ዝናብ ትጠጣለች። መዝጋት ንብረት መንካት ነውና እኛ አንችልም፤ እናንተም እስካሁን አልተመቻችሁም። በአንድ እጅ ገፋ ማድረግ እንደሚበቃ ሳስታውስዎ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ።

አራተኛ፤ ይህ ምስጋና ለበር ጥበቃው ለታጁ ነው፣ እርስዎ ግን አለቃው ስለሆኑ ይካፈሉት። ታጁ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ በሰው እጅ የተያዘ ጃንጥላ ከመኪናዋ ጋር እስካልታሰረ ድረስ ቅርጽ መለወጥ ሊባል እንደማይችል ደረሰበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሰቦቃ በሰባ አራት ዓመታቸው ጠዋት ከኮዬ ፈጬ በሚኒባስ እየመጡ፣ ቢሮ እስኪዘጋ ጃንጥላ ይዘው መኪናዋ አጠገብ ይቆማሉ። ጃንጥላው የሚያዳርሰው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ስጠጋ እንዳየሁት የሚሸፍኑት የሾፌሩን ወንበር አይደለም፤ የወይዘሮ ዳሲቱን ነው። የራሳቸው ትከሻ ይረጥባል። ሰሞኑን ሳል ይዟቸዋል፤ ያደታ ቢለምናቸውም፣ ወይዘሮ ዳሲቱ ቢቆጡም ቤት አልቀመጥ አሉ። እርስዎ በአጠገባቸው ሲያልፉ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብለው ሰላም እንዳሏቸው ነግረውኛል። ሽማግሌ አክባሪነትዎ በአካባቢው ሁሉ ተሰምቷል።

አምስተኛም ነበረኝ። በደንብ አዘጋጅቼው ነበር፣ ደጋግማችሁ ስለሰጣችሁን ቀጠሮዎች ነው፤ ነገር ግን የጋራዡ ቆርቆሮ መንኳኳት ጀምሯል፣ ጋሽ ሰቦቃም እዚያው ግቢዎ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አጭር ነው። ወይ ቁጥሩ ተፍቆ ይውጣ፣ ወይ ጣሪያው ይገጠም፣ ወይ ኮፈኗ ትዘጋ፤ ከሦስቱ አንዱ፣ ለሥራዎ የሚቀለው። መስከረም ሩቅ አይደለም፤ የሰው ዓይን ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

ለሰጡን የሠላሳ ስምንት ቀን ትምህርት ውለታዎን የምመልስበት ቀን እንዲመጣ እየተመኘሁ፣ እርስዎም ሆኑ ወንበርዎ ዘወትር ደረቅ እንድትሆኑ እየጸለይኩ፣ በታላቅ ትሕትናና በረጠበ ጫማ እሰናበትዎታለሁ።

ሐጀራ
የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ፣ ጣሪያም ሰፊ

ግልባጭ፦
ለሀይረዲን፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አለመሆኑን እንዲያውቀው
ለታጁ፣ ከምስጋና ጋር
በቱሉ ዲምቱ በኩል ላለው ደመና፣ ለሚመለከተው ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ሰኔ 22 ቀን። ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ ልለጥፍ ስመጣ ታጁ ሮጦ ጠራኝ። ተቆጣጣሪዎ በቁልፍ በጫሩት በኩል ውኃ ገብቶ፣ የሀይረዲን ስቱኮ ከነአምስት ቀለሙ አብጦ፣ ትናንት እንደ ቂጣ ተገምሶ ወድቋል። ጋሽ ሰቦቃ ዓይናቸው ስላልረዳቸው ብረቱን በጣታቸው ዳስሰው፣ አንድ በአንድ፣ ሻንሲ ቁጥሩን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ ታጁ ከሊብሬው ጋር አመሳክሯል፣ አንዲትም አልሳተችም። ንብረት ነክተዋል ብለው እንዳይከሷቸው እለምናለሁ። ቁጥሩ እንግዲህ እናንተ እንደፈለጋችሁት ከብረቱ ወጥቷል፤ ብረቱ ግን ራቁቱን ስለሆነ ዝገት ጀምሮታል፣ የመጨረሻዋ ሰባት ከወዲሁ መደብዘዝ ይዛለች። የቀረው እርስዎ ብዕር ይዘው ወጥተው መመዝገብ ብቻ ነው። ከወንበርዎ እስከ መኪናዋ አርባ ሦስት እርምጃ ነው። ዝናቡ ካሳሰበዎት ጋሽ ሰቦቃ ጃንጥላ ይይዙልዎታል፤ ለምደውታል።