የሁለት ሰው ቅጠል

ለምወድሽ፣ እናቴን ለተካሽልኝ እታለም ኔንቻ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽ ሪናልዶ ደህና ነው? ልጅሽ ፒፓስ አደገች? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ የአንኮና የባሕር ነፋስ አባሰው? እኔ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ናቸው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ብዕሩ አልሄድልህ አለኝ።

የአባባ ቀኝ እጅ ከአንጓው ወደ ታች ዝሏል። ክንዳቸው ይነሣል፤ መዳፋቸው ግን እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያዛላቸው የገንቦዎቹን ነጭ ቅብ የምንሠራበት የእርሳስ ማዕድን ዱቄት ነው። አጎታችንንም እንዲሁ አድርጎት እንደነበር ታስታውሻለሽ።

የፍሎረንስ ሆስፒታል ያዘዛቸው የመድኃኒት ገንቦዎች ደግሞ አባባ የሚስሉትን የባሉጥ ዛፍ ቅጠል ይፈልጋሉ። የሸክላ ቤቱ ጌታ ማዞ፣ እስከሚቀጥለው የምድጃ እሳት እታገሣለሁ፣ ከዚያ ወንበሩን ለሌላ ሠዓሊ እሰጣለሁ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ ከጎናቸው ተቀምጬ አንጓቸውን ከሥር ደገፍኩ፤ እሳቸው ከትከሻቸው ይስሉ ጀመር። ያልተተኮሰ ቅብ ቀለሙን ወዲያው ይጠጣል፤ አንዴ ያረፈ መስመር አይፋቅም። ሸክላ ሠሪው ጉቾ አየንና፣ «ለአንድ ቅጠል ሁለት ሰው! ጫካ የታዘዝን ዕለትማ ቄሱንም ልንጠራ ነው» አለ። አባባ ቀና ሳይሉ፣ «ያንተ ገንቦ እንዳንተው ሆዱ ተነፍቶ እኮ ነው፤ እሱን ለመሸፈን ምን ቅጠል ይበቃል?» አሉት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እጃቸው ከበደኝ።

ሲጨርሱ ከገንቦው ጆሮ ሥር ምልክታቸውን አላደረጉም። «ይህ ቅጠል የእኔም አይደለም፣ ያንተም አይደለም» ብለው ቦታውን ባዶ ተዉት።

ምድጃው ተከፈተ። የቅጠሉ ሰማያዊ ቀለም ሳይፈስ፣ ጣት እስኪያውቀው ወፍሮ ወጥቷል። ማዞ ደስ ብሎት፣ «በሉ እንዲሁ ቀጥሉ» አለን። የፈራሁት ያኔ ነው። ቢበላሽ ኖሮ ወደ ቤት እንገባ ነበር። አሁን እሳቸው ያለ እኔ አይስሉም፤ እኔ ከዱቄቱ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ሆዴን ይቆርጠኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ትናንት በምሳ ላይ አባባ፣ «ሎቶ፣ ባቄላህን ለምን ተውከው?» አሉኝ። ጠግቤ ነው አልኳቸው። «እኔም ሲጀምረኝ፣ ‹ጠግቤ ነው› እል ነበር» አሉ። ከዚያም፣ «እጅህ ሳይወድቅ ወደ እኅትህ ሂድ። እኔን ተወኝ» አሉኝ። በዚያች በግራ እጃቸው ዳቦውን ሊቆርሱ ሲታገሉ እያየሁ እንዴት ልተዋቸው?

እታለም፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ልጠይቅሽ። ወይን ሳይለቀም እመጣለሁ፤ ብቻዬን ግን አይደለም። ሪናልዶ በመርከብ ዕቃ መጋዘኑ ሥራ እንደሚሰጠኝ ነግሮኝ ነበር፤ አባባን ጨምሮ ያስጠጋን እንደሆነ ጠይቂልኝ። እምቢ ካለም አልቀየምም፣ ቶሎ ብቻ ንገሪኝ። እሳቸው አብረውኝ እንደሚመጡ ገና አልሰሙም። ይቆጣሉ። ምናልባት ያለ ብሩሽ የት እንደሚያኖሩት የማያውቁትን እጃቸውን ፒፓ ትይዝላቸው ይሆናል።

ሪናልዶን በክብር ሰላም በይልኝ፤ አማትሽን ጉልበታቸውን፣ ፒፓን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ጉቾም፣ «እዚያ የምትበይውን ዓሣ ሰላም በይልኝ» ብሏል።

ወንድምሽ ሎቶ
ሞንቴሉፖ፣ በቅዱስ ሎሬንሶ በዓል ማግስት፣ ከጌታ ልደት በኋላ በ1432