የጋሽ ኔንቾን ማስጠንቀቂያ ስለመካፈል

ለክቡር ኢንጂነር ራዶስላቭ ቫልቼቭ
የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካችን የኃይል ቁጠባ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጋብሮቮ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የማቅለሚያ ክፍል ሴቶች፣ ከጉንፋኑ በቀር፣ ደህና ነን።

ድመት በር ላይ ስትንቀራፈፍ ቤቱ እንዳይበርድ ጅራቷን ይቆርጡ የነበሩ ቆጣቢ የጋብሮቮ ሰዎች ልጆች ነንና፣ ኮሚቴዎ ባለፈው መስከረም «ለኃይል ቁጠባ የተመደበውን ገንዘብ መጀመሪያ የት እናውለው?» ብሎ ሲጠይቀን ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ቦይለር በማንደድ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለው ጋሽ ኔንቾ ቆቡን አውልቆ ተነሣና፣ ግቢውን አቋርጦ ወደ እኛ የሚመጣው የእንፋሎት ቱቦ ሙቀት ጠባቂ ልባሱ ከረገፈ ሦስት ዓመት እንደሆነው አስረዳ። «ጌታዬ፣ እኛ እኮ የምናሞቀው ሰማዩን ነው! መጀመሪያ እሱን አልብሱት» አለ።

አንደኛ፣ ሐሳቡን ንቃችሁ ስላልጣላችሁት እናመሰግናለን፤ በአሥራ ሰባተኛ ተራ መዝግባችሁታል። ቀዳሚውን ቦታ ያገኘው በዋናው በር ላይ የተሰቀለው፣ የቆጠብነውን ኃይል በቁጥር የሚያሳየው ግዙፍ የመብራት ሰሌዳ ነው። እስከ ኅዳር ያሳየን ዜሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እጅግ ጥርት ያለ ዜሮ ነበር።

ሁለተኛ፣ ጋሽ ኔንቾ ትዕግሥቱ አልቆ ሦስት እሑድ ከእኛ ጋር ሠራ። ሊጣል የተከመረውን የሱፍ ቁርጥራጭ በቱቦው ላይ ጠቀለልን፤ እሱ በቆርቆሮ ሸፈነው። እኔ መሰላል ያዝኩ። ጓደኛችን ስቶይና «አንተ ኔንቾ፣ ለሚስትህ እንኳ እንዲህ ያለ ካፖርት ገዝተህላት አታውቅም!» ብላ ብታሾፍበት፣ «እሷማ ያለ ካፖርትም ትግላለች!» ብሎ በሣቅ ከመሰላሉ ሊወድቅ ነበር። በማግስቱ፣ ቀድሞ እኩለ ቀን የሚጠብቀው የማቅለሚያ ጋናችን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ፈላ። ሦስተኛው ቦይለር ከዚያ ወዲህ አልተለኮሰም። ሰሌዳዎም መቁጠር ጀመረ።

ሦስተኛ፣ ስለ «ብልህ አመራር» ሶፊያ ድረስ ተጠርተው ስለተሸለሙ እጃችን እስኪቃጠል አጨብጭበናል። በዚያው ሳምንት ግን፣ ጡረታው አራት ወር ብቻ የቀረው ጋሽ ኔንቾ «የድርጅቱን ንብረት ያለ ፈቃድ ተጠቅሟል» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። አንድ ጊዜ ቢደገም ይሰናበታል። ደብዳቤውን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ስለዚህ አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ሱፉን የጠቀለልነው አርባ አንድ ሴቶች ነን፤ ማስጠንቀቂያውን ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት አድልዎ ነው። ለእያንዳንዳችን በየስማችን ይጻፍልን፤ ዝርዝሩ ተያይዟል። አርባ አንድ ከመጻፍ አንዱን መቅደድ ኃይል ይቆጥብ ይሆናል፤ ቅደም ተከተል ማውጣቱን ግን ለተሸላሚው ትቻለሁ።

ሰሌዳዎ መቼም አይጥፋብዎ እያልኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ፤
ታዛዥዎ ዝላትካ ፔኔቫ
ማቅለሚያ ክፍል፣ አንደኛ ፈረቃ

ተጨማሪ፦ የቢሮዎ መስኮት ጥርን ሙሉ ተከፍቶ መዋሉ ከግቢው ይታየናል፤ የማሞቂያዎ መዝጊያ ተበላሽቶ ሙቀቱ አልቀነስ ስላለ ነው አሉ። ጋሽ ኔንቾ ማክሰኞ መጥቶ ይጠግንልዎታል። እባክዎን አስቀድመው የጽሑፍ ፈቃድ ይስጡት።