ከሁሉ ኋላ ትቀዝፍ ለነበርኸው

አያ ጫኔ፣ የኔ ጌታ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ተዝካርህን አውጥተናል። ጠላው ቀጠነ ብለው አምተውኛል አሉ፤ አንተ ብትኖር ውሃ ያበዛሁት እኔ ነኝ ብለህ ታድነኝ ነበር።

ይሄን የምጽፈው ራሴ ነኝ፣ በእጄ። አትሳቅ። አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ አፌ የሚሮጠውን ያህል እጄ አይሮጥም።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ስንዱ ባሏን ተከትላ መራዊ ገባች፤ ልጆቿም ረብሻቸውን ይዘው ሄዱና ቤቱ ጭር አለብኝ። ታንኳህ በስብሶ ሐይቁ ዳር ተበተነ፤ የደንገል ታንኳ መቼ ይቆያል። መቅዘፊያህ ግን በሩ ጀርባ እንደቆመ ነው። ሳየው ያው ነገሬ ይመጣብኛል። ከዘጌ እንጨት ጭናችሁ ስትመጡ፣ የቀዛፊዎቹ አለቃ አንተ ሆነህ ሳለ ሁልጊዜ መጨረሻ የምትደርሰው አንተ ነበርህ። እኔ ዳር ላይ ቆሜ፣ ይሄ የማን አለቃ ነው፣ የኤሊዎች ነው እያልሁ ሴቱን አስቅብህ ነበር። አንተ ደግሞ፣ የደከመው ሰው ዞር ሲል ከኋላው ሰው ካየ ይቀዝፋል፣ ማንንም ካላየ እጁን ይፈታል ትለኝ ነበር። ለስንፍናህ ያበጀኸው ሰበብ ነበር የመሰለኝ።

ቀበሌው የሴቶች ማህበር ሊቀመንበር ያደረገኝ ምላሴን አይቶ እንደሆነ ታውቃለህ። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ሴቱን ከየቤቱ አውጥቶ አዳራሽ ማስገባት የኔ ሥራ ሆነ። እኔ ራሴ ሀ እና ለን አልለይም! ይሄን ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር። የቆሎ ተማሪ ሳለህ የለቀምኸው ፊደል ጠቀመኝ። የተማሪዎቹን መዝገብ ቤት አመጣለሁ፣ አንተ ገመድህን እየፈተልህ ስሞቹን በተራ ታነብልኛለህ፣ እኔ እሸመድዳለሁ። በማግስቱ ሴቱ ፊት ቆሜ ደብተሩን እያየሁ እንደሚያነብ ሰው እጠራለሁ። አንተ፣ ሄደሽ አግዳሚው ላይ አብረሻቸው ተቀመጪ ትለኛለህ። እኔ፣ ሊቀመንበር ከተማሪ ጋር ይቀመጣል ወይ እልሃለሁ።

አንጓች ትዝ ትልሃለች፣ ዓባይ ማዶ ያለችው ጌሾ ሻጭ። አማቷ አልጋ ላይ ስለዋሉባት እያረፈደች ነበር የምትመጣው። አንድ ቀን በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት፣ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲመጣ ግን ከዶሮ ቀድመሽ ትሰለፊያለሽ አይደል አልኋት። ሳቁልኝ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ቤት ገብቼ ስምንተኛ መሆኗን በጣቴ ቆጠርሁና ስሟን በእርሳስ ሰረዝሁት። ያልተማረ የቀበሌ ስኳር አይሰጠውም ነበርና፣ ከመዝገብ የተሰረዘች ከስኳሩም ተሰረዘች። ያኔ የማውቀው ጽሕፈት መሰረዝ ብቻ ነበር። ለአንተም እንደ ጀብዱ አወራሁልህ። ገመድህን አስቀመጥህና፣ አንቺስ ስንተኛ ክፍል ነሽ አልኸኝ። ሦስት ቀን አኮረፍሁህ። ካንተ ጋር የቀሩኝን ቀኖች ባውቅ ኖሮ ሦስቱን እንዲህ አላባክናቸውም ነበር።

ወዲያው ወባው ጣለህ። በዚያ ትኩሳት ውስጥ እንኳ አላሳረፍሁህም፤ አዲስ ስም ተጨምሯል፣ ነገ ስም ጥሪ አለብኝ ብዬ መዝገቡን ይዤ አልጋህ ድረስ መጣሁ። ትራስ አስደግፌህ አነበብህልኝ። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ አንጓች አልህ። የተሰረዘ አይነበብም አልሁህ። ደግመህ አንጓች አልህ። ሦስተኛም አልህ። ከዚያ ወዲያ ድምፅህ ተዘጋ። የመጨረሻ ቃልህን በሰው ስም አስጨረስሁህ፤ ለእኔ ምን ልትለኝ እንደነበር ሳልሰማው ቀረሁ።

አርባህ ወጥቶ አዳራሽ ስመለስ አስተማሪው መዝገቡን አዲስ ደብተር ላይ ገልብጦ ጠበቀኝ። የድሮውን በቃሌ ጠራሁ፣ ሁሉም አቤት አሉ። መጨረሻ ላይ ሦስት አዲስ ሴቶች፣ እኛስ አልተጠራንም አሉ። ደብተሩን አገላበጥሁት። ጉንዳን ሲርመሰመስ ነው የማየው። ሳቁን ጠበቅሁ፤ የሚገባኝ እሱ ነበር። ማንም አልሳቀም። አንዲት አሮጊት አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችና፣ ነይ እዚህ ቦታ አለ፣ መቼ ትመጣ ይሆን እያልን ስንጠብቅሽ ነበር አለችኝ። ለካ ከጥንቱም ያውቁ ኖሯል፤ ያን ሁሉ ስም ስጠራ አንድ ቀን ገጽ ገልጬ አላውቅም። እኔ አንጓችን ሰው ፊት ሳዋርድ፣ እነሱ እኔን ሸፍነው ኖረዋል።

በማግስቱ ድልድዩን ተሻግሬ አንጓች ዘንድ ሄድሁ። አማቷ ሞተዋል፤ ለቅሶ እንኳ አልደረስሁም። ደጇ ላይ ጌሾ ታሰጣለች። ቀና ሳትል፣ ደግሞ ዛሬ ከምን ልትሰርዢኝ ነው ሊቀመንበር አለችኝ። ፊደል ልቆጥር ነው፣ ብቻዬን ፈራሁ፣ አልኋት። ጌሾዋን ማስጣቷን ቀጠለች። ስኳሯን አስመለስሁላት። ሁለት ሳምንት ቆይታ መጣችና ከፊት ተቀመጠች። እኔ ከሁሉ ኋላ ነኝ። እዚያ ሆኜ ነው አያ ጫኔ ነገርህ የገባኝ፤ ማን እንደደከመች የሚታየው ከኋላ ነው። ሴቱን ከቤት መጎተትም ቀረ። ሊቀመንበሯ በዚህ ዕድሜዋ ከቆጠረች እኛ ምን ቸገረን እያሉ ይመጣሉ። ይሄን ልነግርህ ዞር ስል መቅዘፊያው ብቻ ነው ያለው።

አንጓች አሁን ከኔ ፈጥና ታነባለች። ይቅር ብላኛለች ግን አልልህም። ድሮ እትዬ ነበር የምትለኝ፤ ዛሬም ሊቀመንበር ነው የምትለኝ።

ቅር እንዳይልህ እንጂ፣ በእጄ መጀመሪያ የጻፍሁት ስም ያንተ አይደለም። የሷ ነው፤ አሮጌው መዝገብ ላይ፣ በሰረዝሁበት በስምንተኛው ቦታ። ያንተ ሁለተኛው ነው፤ የጫ እግሩ አስቸግሮኝ ሦስት ጊዜ አጥፍቻለሁ።

ይሄን ደብዳቤ እሁድ አዳራሹ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፣ አንጓች ባለችበት። አንተ ሳትሰማው የቀረኸውን እነሱ ይስሙልኝ። ካሁን በኋላም ስም በጠራሁ ቁጥር፣ የመጨረሻዋ ሴት አቤት ስትል ደብተሩን ቶሎ አልዘጋም። ትንሽ እቆያለሁ። አንተ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር የምትደርሰው።