የቡሬ ጥፍር

ነጅዋ፣

እኔ ኦዳ መንደር ለቅሶ ሄጃለሁ። አንቺ የተከበርሽው ሐኪም ከፍየል ገበያ ስትመለሺ የድመታችንን የቡሬን እግር እዪልኝ። ጠዋት የፍየል ሰኮና በምትከረክሚበት ቢላ ጥፍሯን ሥጋዋ ድረስ ቆርጠሽላታልና፣ እጅሽ ይባረክ።

ደሙን በዱቄት አቁሜዋለሁ። እንደገና ከፈሰሰ ጥፍሯ ላይ ዱቄት ነስንሺና በንጹሕ ጨርቅ አምስት ደቂቃ ተጭነሽ ያዢ። ቆመ አልቆመ እያልሽ ጨርቁን አትግለጪ።

ለፍየሎችሽ ቁስል የምትረጪውን ሰማያዊ መድኃኒት እንዳታስነኪያት! ድመት ቁስሏን ትልሳለች፣ ትመረዛለች። መቼም አንቺ የማታውቂው የለም፣ እኔ ነኝ የምቀባጥረው።

ነገም ካነከሰች ወይ ካበጠ የከብት ዳክታሪው ጋ ውሰጃት። ‹‹ሐኩና ሺዳ፣ ችግር የለም›› ብለሽ እንዳትተኚ።

ሌላው ደግሞ

ለጎረቤታችን ለለሊሴ ‹‹ነጅዋ ድመቷን አረደቻት›› ብዬ ነግሬያታለሁ። እሷ ደግሞ ለሰፈሩ።

የቡሬን እግር የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ስትቧጭረኝ ለቀቅኳት፣ ቢላው የገባው ያኔ ነው። ይቺን አልነገርኳትም። ስመለስ መጀመሪያ ለሊሴ ቤት ገብቼ እነግራታለሁ።

ነገ ከሰዓት እመጣለሁ። በሩን ከውስጥ እንዳትቀረቅሪብኝ።

ዲንቁ