የያዙትን ዓሣ ይለቁ የነበሩት የአቶ መንገሻ ካሣ የሕይወት ታሪክ

አቶ መንገሻ ካሣ ከአባታቸው ከአቶ ካሣ ጥሩነህ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውብዳር ሀዲስ በ1927 ዓ.ም. በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሾፌርነት አገለገሉ። በ1955 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሮማነወርቅ አበበ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው መሠረትንና አምሐን ወለዱ። ዘመኑ ሲከፋ ቤተሰባቸውን ይዘው በሱዳን በኩል ወጡና እ.ኤ.አ. በ1981 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ገቡ። መሀል ከተማ በሚገኝ ፓርኪንግ ሠራተኛ ሆነው ልጆቻቸውን አስተማሩ።

ቅዳሜ የዕረፍት ቀናቸው ነበር። የመንጠቆ ዘንጋቸውንና ባልዲያቸውን ይዘው ከሳን ፓብሎ ወዲያ ወዳለው የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ይወርዳሉ። ሲመለሱ ልብሳቸው ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ እጅጌያቸው ላይ ቅርፊት ይገኛል፤ ባልዲው ግን ባዶ ነው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ነገሩ አልዋጥላቸው አለ። «ዓሣው የታለ?» ሲሏቸው «ለቀቅሁት» ይላሉ። ደክሞ ያጠመደውን መልሶ የሚለቅ ሰው ደግሞ ማን አይቶ ያውቃል? ወሬው ሀበሻው ከሚሰበሰብበት ከቴሌግራፍ አቬኑ ደረሰ። አንዱ «ይሸጠዋል» ሲል ሌላው «የሚጠበስበት ሌላ ምድጃ አለ እንጂ፤ ሳን ሆዜ ነው አሉ» አለ።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሁዳዴ ገባ፤ ሽታው አልቀረም። ወይዘሮ ሮማነወርቅ «ባለቤቴ ጾም ሳይፈታ አልቀረም፤ ወይም ከዚያ የባሰ ነገር አለ» ብለው ለንስሐ አባታቸው ለአባ ተክለጻድቅ ነገሩ። አባም «ሳያዩ መፍረድ አይገባም፤ እንሂድና እንይ» አሉ። ጎረቤታቸው ዘነበ በታክሲው ወሰዳቸው። የአባ ጥምጥም ከሩቅ እንዳይታይ አባ ጎንበስ ብለው ተቀመጡ። ዘነበ «እትዬ ሮማን፣ ሴትዮዋ ስትመጣ ጥሩምባ ልንፋ?» እያለ ያሾፍ ነበር።

ሴት አልመጣችም። አቶ መንገሻ ክንድ የሚያህል ዓሣ ያዙ፤ አሜሪካኖቹ ስትራይፕድ ባስ የሚሉትን፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለውን ነው። እጃቸውን አርጥበው መንጠቆውን ነቀሉለት። እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ሆዱን በመዳፋቸው ደግፈው ቆዩ። ዓሣው ነፍስ ሲዘራ ጅራቱን መታና ሄደ። አባ «ጾም የፈታ የለም፤ በሉ እንመለስ» አሉ።

ራት ላይ አቶ መንገሻ «ዘነበ ታክሲውን ጥላ ሥር ቢያቆመው ምን ነበር? አባን እኮ ፀሐይ ፈጃቸው» አሉ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። ያን ዕለት አቶ መንገሻ ምክንያታቸውን አስረዱ። ይህ ዓሣ ከዓመት ዓመት እየመነመነ መምጣቱን በዳርቻው የቆዩ ሽማግሌዎች ነግረዋቸዋል። ትልልቆቹ ደግሞ እንቁላል የያዙ እናቶች ናቸው። «እኔን የሐይቅ ዓሣ ነው ያሳደገኝ፤ እናቲቱን ከበላሁማ ምን ይተርፋል?» አሉ።

ጥርጣሬ ግን አመል ነውና በአንድ ቀን አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ1988 መገባደጃ ላይ ወይዘሮ ሮማነወርቅ የባለቤታቸውን ሸሚዝ ሊያጥቡ ሲያነሱ ሽታ አጡበት። በቀጣዩም ቅዳሜ ሽታም ቅርፊትም አልነበረም። «ዛሬስ ያዝህ?» ሲሏቸው «ይዤ ለቀቅሁ» ብለዋል። ለማንም ሳይናገሩ ዘነበን ይዘው እንደገና ወረዱ። አቶ መንገሻን መኪናቸው ውስጥ ሆዳቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኟቸው፤ ዘንጉ ከኋላ እንደታሰረ ነው።

«አሁንም በታክሲ ትከታተዪኛለሽ?» አሏቸው።

«አዎ። ተነሥ፣ ሆስፒታል ነው የምንሄደው።»

የጨጓራ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ዓመት ያህል ኖሩ። አቶ መንገሻ ለአባ «ይህችን ዓመት የሰጠችኝ የሮማን ጥርጣሬ ናት» ብለዋቸዋል። ጉልበት ባገኙበት ቅዳሜ ሁሉ ባልና ሚስቱ አብረው ወደ ዳርቻው ይወርዱ ነበር። በመጨረሻው ጊዜ ዓሣውን ለወይዘሮ ሮማነወርቅ አስያዟቸው። «ይኼ ሞቷል፣ አይንቀሳቀስም» ሲሉ «አይዞሽ፤ ራሱ እስኪሄድ ብቻ ደግፊው» አሏቸው። ደገፉት፤ ሄደ።

አቶ መንገሻ ልጃቸው መሠረት በአቅራቢያው ባለችው ሳኒቬል ሥራ ይዛ በምትኖርበት በሳን ሆዜ ሲታመሙ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1989፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባለቤታቸው ጭንቅላታቸውን እንደደገፉ ዐረፉ። ሳን ሆዜ የነበራቸው ምድጃ ይኸው የልጃቸው ቤት ነው። ሌላ ነበራቸው ብሎ አሁንም የሚጠረጥር ካለ፣ ከሳን ፓብሎ ወዲያ ወርዶ ባሕሩን ይጠይቅ።

ከባለቤታቸው፣ ከመሠረትና ከአምሐ በሞት ተለይተዋል። ዓሣ አጥማጆቹን ከመረባቸው የጠራ አምላክ ነፍሳቸውን በመዳፉ ይቀበል፤ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ እስክታርፍም ደግፎ ይያዝልን። አሜን።