አውድማው ከሰማይ ሲታይ

ወንድሜ ምንይችል፣

እንዴት ከረማችሁ? እኔ ይህን የምጽፍልህ ከስብሰባው እንደወጣሁ ነው። በፖስት ካርዱ ፊት የምታየው ለመንግሥታችን ልዑካን ላስተረጉም የመጣሁበት የተዋጊ ጄት ፋብሪካ ነው። የእኛ ሰዎች «ጄቱን እንገዛለን፤ ግን ከፊሉ አገራችን ውስጥ ይሠራ» እያሉ ሲከራከሩ፣ ሻጩ «መጀመሪያ ካሜራው እንዴት እንደሚያይ ላሳያችሁ» ብሎ ፊልም ከፈተ።

ከሰማይ የተቀረጸ ደጋ ነው፤ አገሩን አላውቀውም፣ መልኩ ግን ቁርጥ የእኛው ጋይንት። መሐሉ ላይ ክብ ነገር አለ፤ ክቡ ውስጥ ነጠብጣቦች ይዞራሉ። ለካ በበሬ እያበራዩ ነው! በአውድማ አጠገብ እንደሚያልፍ ሰው «ያበርክት!» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ሁሉም ዞረው አፈጠጡብኝ። ከአበራዮቹ አንዱ ቀና ብሎ እጁን አውለበለበ፤ ወዲያው ክቡ ነጭ ሆነ። ሻጩ «ኢላማው ተመታ» አለ፤ ተረጎምሁ።

አንድ ሰው እንኳ የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር። አለቃችን ጉሮሯቸውን ጠርገው «ካሜራውንስ እኛ ዘንድ መገጣጠም ይቻላል?» አሉ። ይህንንም ተረጎምሁ፤ ምን ላድርግ! ሻጩ ፊቱ በርቶ «ይቻላል» አለና ተጨባበጡ።

ቦታው አለቀብኝ። የእማማ አማረችን ጉልበት ሳምልኝ፤ ባለቤትህን ህይወትንም ሰላም በልልኝ። ገብስህን ያበርክተው። ልጆችህ ግን፣ እኛ ልጅ ሳለን እናደርግ እንደነበረው፣ ከአውድማ ላይ ሆነው ለአውሮፕላን እጅ እንዳያውለበልቡ በማርያም ንገራቸው።

ታፈረ