የተወደደልኝ ስድብ

ኅዳር 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

መንግሥት የዘንድሮው ምርት ጥሩ ነው ካለ ወዲህ ኢንተርኔት ላይ ክርክር ገብቻለሁ። «ሰቆጣ አጠገብ ዝቋላ ወረዳ ያለው የእናቴ ማሽላ ፍሬ ሳይዝ ደርቋል፤ መንግሥት ያወጣው የምርት ቁጥር እንዴት እንደተሰበሰበ ቢነገረን» ብዬ በትሕትና ጽፌ ነበር። ዞር ብሎ ያየኝ የለም፤ አንዱማ «ለስላሳ ካድሬ» አለኝ።

ዛሬ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሰይድ አነበበውና «አንተ ደግሞ የሽማግሌ ወግ አደረግከው፤ ትንሽ ስድብ ጣል አድርግበት» አለኝ። እዚያው ክርክር ላይ ቁጥሩን አምናለሁ ለሚል አንድ ሰውዬ «ሆዳም!» ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው «አበጀህ!» የሚለኝ በዛ። ማሽላውን ያነሳ ግን አንድም ሰው የለም።

ልወጣ ስል የሰደብኩት ሰውዬ መለሰልኝ፦ «ወንድሜ፣ ማሳው የትኛው ቀበሌ ነው? እናትህስ አሁን ምን እየበሉ ነው?»

ልጽፍለት ስጀምር መስመሩ ተቋረጠ። እስኪመለስ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ሰውዬው ዘንድ ያለው የመጨረሻ ቃሌ «ሆዳም» ነው።